ሩት ያሰማችኝ ጩኸት

ስለ ዘፈን የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዘፈን ከሰማሁም ሠርግ ቤት፣ ያውም ጥግ ይዤ ነው። የሄቪ ሜታል አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ ብል የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑኝም። ግን ሰምቻለሁ። ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው የማጫውታችሁ። ጨዋታ ከተባለ።

ያኔ ሜልቦርን ከመጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ኬንሲንግተን፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት እየሠራሁ ነርሲንግ እማራለሁ፤ የመጨረሻው ፈተናዬም ደርሶ ነበር። አገር ቤት ያለችኝ እናቴና ወንድሜ ዳዊት ናቸው። ለእናቴ እሁድ እሁድ አመሻሽ ላይ እደውልላታለሁ። እዚያ ገና ረፋድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በር ላይ ወንበር አውጥታ ፀሐይ የምትሞቅበት ሰዓት። ያን ሰሞን ግን አላገኘኋትም። አገር ቤት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያስቸግር ነበር፤ ዳዊትም ሲገኝ፣ «እማዬ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም። ደህና ናት። አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ» ይለኛል። እናቴን ጉልበቷን ያማት ስለነበር ጸበል መግባቷ አልገረመኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሰው ሁሉ ከወትሮው ይልቅ ደግ ሆኖልኝ ነበር። «ፈተናሽ መቼ ነው?» ይሉኛል። «ሐሙስ» እላለሁ። «በርቺ፣ በርቺ» ብለው ትከሻዬን ነካ ያደርጉኛል። ለትምህርቴ ያሰቡልኝ መስሎኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያልኩ አልፍ ነበር።

ያን እሁድ ቅዳሴ አልቆ ጫማዬን ሳደርግ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። እትዬ አስካለ ኮሊንግዉድ፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ከአንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ አምና ዘመድ ሊጠይቁ አገር ቤት ሄደው እዚያው አርፈዋል። እኔ ወደዚህ ደብር የመጣሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ እሳቸውን አላውቃቸውም።

«ገኒዬ፣ ዛሬ ላስቸግርሽ ነው» አሉኝ።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ልጄን ይዞብኛል።»

«ማነው የያዘው?»

ዙሪያቸውን አየት አደረጉ። «እሱ ነዋ። ከቅዳሴ መውጣቴ ነው፣ ስሙን አልጠራም።»

ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱኝና ነገሩኝ። ሩት ክፍሏን ዘግታ አንድ ነገር ትሰማለች። ቀን ከሌት ያው አንድ ነገር ነው። «ሰው እኮ አይደለም የሚዘፍነው። ጸበል ቦታ ሲያስለፈልፋቸው ሰምተሽ የለ? እንደሱ ነው የሚያገሳው። ልጄ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች። አትስቅም፣ አታለቅስም። ጥቁር በጥቁር ሆናለች።»

ወንድማቸው አዲስ አበባ አለ፤ ጸበል ሊያስገባት ተስማምቷል። ትኬቱ ተቆርጧል። ለልጅቷ «ዘመድ ትጠይቂያለሽ» ቢሏትም ነቅታባቸዋለች፤ «በግድ ከላክሽኝ ከቤት እወጣለሁ፣ አታገኚኝም» ብላቸዋለች።

«አንቺ እንግሊዝኛውን ታውቂያለሽ፣ መንፈሳዊም ነሽ። ቁጭ ብለሽ አዳምጪውና እውነቱን ንገሪኝ። ነው ካልሽኝ፣ ብትጠላኝም ትጥላኝ እልካታለሁ። አይደለም ካልሽኝ ደግሞ…» አሉኝ። አይደለም ብባልስ ምን ላደርግ ነው የሚለውን ያሰቡበት አይመስሉም ነበር።

እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ አስቀድሞ ፈርዷል። «ነው» ልላቸው ነበር የሄድኩት።

በሩን የከፈተችልን ሩት ናት። ቀጠን ያለች ልጅ ናት፤ ገና ሃያ አልሞላትም። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እጽፈዋለሁ። ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

«አጥማቂ አመጣሽብኝ?» አለች እናቷን።

«አጥማቂ ብሆን ፓርኪንግ ፍለጋ ያን ያህል አልዞርም ነበር» አልኳት።

ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

እትዬ አስካለ ወደ ክፍሏ ገብተው የሲዲውን ሽፋን ይዘው መጡ። በሁለት ጣት ጫፍ ነው የያዙት። «ይኸው፣ በዓይንሽ እዪው። መስቀሉን ዘቅዝቀውታል።»

ሽፋኑ ጥቁር ሆኖ መሬት ላይ የተተከለ ነገር ይታያል፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፣ ከታች በኩል አግዳሚ አለው።

«ማሚ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አካፋ ነው» አለች ሩት።

ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። አካፋ ነው። አፈር ውስጥ የገባ አካፋ፤ አግዳሚው እግር የሚረግጠው ብረት ነው። «አካፋ ይመስላል እትዬ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አካፋስ ቢሆን፣ ምን ይሠራላቸዋል?» አሉ።

ሩት እሰማለሁ ማለቴን ስታውቅ ሕግ አወጣች። በጆሮ ማዳመጫ አይሆንም፣ ጮክ ብሎ ነው። መሃል ላይ ማቆም የለም። እስኪያልቅ ማውራትም የለም። በሆዴ፣ ይቺ ልጅ ሥርዓት ታውቃለች አልኩ፤ እኛም ቅዳሴ መሃል ላይ አንወጣም። ግን እዚያ ቤት ጮክ ብሎ መስማት አይቻልም። የጎረቤታቸው ሴትዮ ስለ ጩኸቱ ለቤቶች ቢሮ ከስሳቸዋለች።

«መኪናሽ ውስጥ እንሰማዋ» አለች ሩት።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ነጠላ ለብሼ፣ ያ ድምፅ ከመኪናዬ ሲወጣ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? ሰው የሌለበት ቦታ ሳስብ ዲር ፓርክ ትዝ አለኝ። እንደመጣሁ ሰሞን እዚያ መጋዘን ውስጥ አትክልት አሽግ ነበር። እሁድ እሁድ መንገዱ ጭር ይላል፤ ፋብሪካዎቹ ይዘጋሉ፣ ከሽቦ አጥርና ከከባድ መኪና ተሳቢ በቀር የሚታይ የለም። ባላራት ሮድን ይዘን ሄድን።

ድሮ እሠራበት ከነበረው መጋዘን ፊት ለፊት መኪናዬን አቆምኩ። ሩት ሲዲውን ከተተችና ግጥሞቹ የተጻፉባትን ትንሽ መጽሔት ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የአልበሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዘግይቶ የደረሰ» እንደማለት ነው።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ጊታር ብቻ ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ እየነዘረ የሚጮህ። በገና የሰማ ሰው ይገባዋል፤ ክሩ ሥር የገባችው ቁራጭ ቆዳ እንደምትነዝረው ያለ ነዘር ነው፣ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። የመኪናው በር ሲርገበገብ በክርኔ ይሰማኛል። ቀጥሎ ከበሮው መጣ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ።

አማተብኩ። ሩት አየችኝ፤ ሕግ ሕግ ነውና ምንም አላለችም።

እትዬ አስካለ አልዋሹም። ልጅ ሆኜ እናቴ ጸበል ይዛኝ ስትሄድ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከአንዲት ቀጭን ሴት ደረት ውስጥ እንዴት እንደወጣ ያልገባኝ፣ እናቴ ቀሚሷ ውስጥ የደበቀችኝ ድምፅ። በቃ፣ ነው፤ ተነሺና ልጅቷን ይዘሽ ተመለሺ አልኩ ለራሴ። ግን ቃል ገብቼ ነበርና ዓይኔን ወደ ግጥሙ መለስኩ። ያን ጊዜ ነው የሚለውን ማየት የጀመርኩት።

አንድ ሰው ነው። መርከብ ላይ ይሠራል። ባሕር ላይ ሳለ አባቱ በክረምት ይሞታል። ቤተሰቡ ይቀብረዋል፣ ያለቅሳል፣ ጥቁሩን ያወልቃል። ሰውየው የሚደርሰው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። እቤት ሲገባ እራት ላይ ናቸው፤ እየሳቁ ነው። ወንበሩ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። ያ የሚያገሳው ድምፅ ስለዚህ ወንበር ነው የሚያገሳው።

አልበሙ ሁሉ አንድ ታሪክ ነው። በአንዱ ዘፈን ሰውየው ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ሲሞት ምን አለ? ማን ዓይኑን ከደነው? ሁሉም «ተወው፣ አልፏል» ይሉታል። በሚቀጥለው ወደ እግዚአብሔር ይዞራል። ያን ልጽፈው አልችልም። ስም እየጠራ የሚሳደብበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ መጽሔቱን ዘጋሁና መሪውን ይዤ ጸሎት ጀመርኩ። ዛሬም ለዚያ ዘፈን አልከራከርለትም። ከዚያ ደግሞ መቃብሩ ላይ ይሄዳል። ፊቱን አንድ ጊዜ ልየው ብሎ መቆፈር ይጀምራል። እህቱ መጥታ አካፋውን ከእጁ ትወስድና አፈሩ ላይ ትተክለዋለች። እትዬ አስካለ የፈሩት ሥዕል ይኸ ነው።

በመጨረሻው ዘፈን መንገድ ዳር ተቀምጦ ሥራ የሚሄደውን ሰው ሁሉ «አባቴን አይታችሁታል?» ይላል። የሚመልስለት የለም። ጊታሩ እየከበደ፣ እየከበደ ይሄድና ድንገት ይቋረጣል።

መጽናናቱን ጠበቅሁ። ሌላ ዘፈን ይኖራል ብዬ መጽሔቱን ገለጥኩ። ጀርባው ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እኛ ሰሞነ ሕማማት አለን። ከበሮ አይመታም፣ ሰው በመሳሳም ሰላም አይባባልም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጥቁር ይለብሳል፣ ዜማው ሆድ ያባባል፤ ስንሰግድ ጉልበታችን እስኪዝል ነው። ግን ቅዳሜ ሌሊት ምን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ያን ስለምናውቅ ነው ሐዘኑን የምንችለው። እነዚህ ዘፋኝ ልጆች የሠሩት ትንሣኤ የሌለው ሕማማት ነው። የሰይጣን አልመሰለኝም። ዓርብ ላይ የቀረ፣ እሁድ ያልደረሰለት ሰው መሰለኝ።

«አለቀ» አለች ሩት። «አሁን ማውራት ትችያለሽ። ሰይጣን ነው?»

«ለምንድነው የምትሰሚው?»

«ጥያቄን በጥያቄ። እናቴ መርጣሻለች በደንብ።»

«ሩትዬ፣ እየጠየቅሁሽ ነው።»

በመስኮቱ ወደ ሽቦው አጥር ዞረች። «አባዬ ሲሞት አስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርኩ። ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

«አልነገሩኝም። ፈተናዬ እንዳይበላሽ። እናቴ ሌላ ሰው ቤት እየሄደች ነው ያለቀሰችው። ሥራ ነኝ ትለኝ ነበር። እኔ ቴክስት እልክለታለሁ፤ አባዬ፣ ዛሬ ኬሚስትሪ ጨረስኩ፣ እለዋለሁ። ‹ኔትወርክ የለም› ይሉኛል። በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያቅፈኛል፣ በርቺ ይለኛል። ሁሉም ያውቅ ነበር። ከትልቅ እስከ ትንሽ። አንድ እኔ ብቻ ነኝ የምስቀው።»

እጇን እጅጌዋ ውስጥ ሰበሰበች።

«የመጨረሻውን ፈተና በጨረስኩ በማግስቱ በጠዋት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሰው በሰው። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ ለስላሳ ቀዳሁላቸው። አንዷ ብርጭቆውን ተቀብላ አመሰገነችኝ። ከዚያ ነገሩኝ።»

«እመቤቴ ማርያም» አልኩ።

«አለቀሱ እኮ። ግን ትንሽ ነው። እንደ ጨዋነት። እነሱ ለቅሷቸውን ጨርሰዋል፣ አርባው ወጥቷል። እኔ ስጮህ አንዷ አፌን ያዘችኝ። ‹በቀስታ ልጄ፣ በቀስታ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።› በቀስታ እንዴት ነው የሚጮኸው? እሱን አሳዩኝ ልላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አልመጣልኝም። ይኸው እስከ ዛሬ።»

ዙሪያውን አየሁ። ተሳቢዎቹ፣ የተዘጉት የብረት በሮች፣ ሰማዩ። «ሩትዬ፣ እዚህ ማንም የለም። ጩኺ» አልኳት።

አፏን ከፈተች። ትንሽ ቆየችና መልሳ ገጠመችው። «አይመጣም አልኩሽ» አለች። «ለዚህ ነው እሱ የሚጮህልኝ።»

እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ። የመጋዘኖቹ ጥበቃ ነው፤ ጥምጥም ያደረገ፣ ጺሙን ያሳደገ የፑንጃብ ሰው። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴትና አንዲት ጥቁር የለበሰች ልጅ ባዶ መንገድ ላይ ምን እንደሚሠሩ ግራ ገብቶት ይሆናል። «ችግር አለ ወይ?» አለኝ።

«አባቷ ሞቶ ነው» አልኩት።

ሰውየው ፊቱ ወረደ። እውነቴን ነው፣ ዓይናችን እያየ ነው የወረደው። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ወደ ሩት አየ። «ዛሬ?» አለ።

እኔ ውሸት አልወድም። ለቀልድ እንኳ አልዋሽም። «አዎ፣ ዛሬ» አልኩት።

«ልጄ፣ በጣም አዝናለሁ» አላት። «በጣም፣ በጣም አዝናለሁ።» እጁን ከደረቱ ሳያነሳ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ ብሎን ሄደ።

ሩት ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው። አልጮኸችም፤ ራሷን የመኪናው በር ላይ ደግፋ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ብቻ አለቀሰች። ቆይቶ፣ «ከእኔ ጋር እኩል ያዘነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው» አለችኝ።

ኮሊንግዉድ ስንመለስ ገና ፀሐይ ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሩት በኮሪደሩ አልፋ ክፍሏ በር ላይ ቆመች።

«እህ?» አሉኝ።

«ሰይጣን አይደለም እትዬ። ክፉ ቃል አለበት፣ አልደብቅዎትም። ግን ለቅሶ ነው።»

«የምን ለቅሶ? የወርቁ ለቅሶ አለፈ። ሙት ዓመቱም ወጣ።»

«እሷ ሳትደርስ ነዋ ያለፈው።»

እኔ ከመኪናው የተሸከምኩት ነገር ነበርና ዝም ማለት አቃተኝ። «እንዴት ቻሉት እትዬ? ፊቷን እያዩ፣ ምሳ እያቀረቡላት፣ ለአባቷ መልእክት ስትልክ እያዩ? ለእሷ ብለው መሆኑን አላጣሁትም። ግን እኔ ብሆን አልችለውም። እናቴን እንደዚያ አድርገው ቢደብቁብኝ፣ ሁሉም እያወቀ እኔ ብቻ እየሳቅሁ ብዞር…»

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ስለ ሩት ያለቀሱ መሰለኝ። «ተናግሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ፈተናሽ…» አሉ። «ፈተናሽ ሐሙስ ነው ያልሽኝ?»

«ሐሙስ ነው። ምነው?»

«ምንም። ምንም የለም ገኒዬ። ብቻ ተፈተኚ።»

ሩት ከበሩ ተላቀቀች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ እናቷን አየች። ያን ፊት ታውቀዋለች። በዚያ ቤት ከእሷ በላይ የሚያውቀው ሰው የለም።

«ማሚ» አለች። ከዚያ በአማርኛ፣ በዚያ በተኮላተፈ አማርኛዋ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፦ «ደግመሽ? ንገሪያት።»

አሁንም አልገባኝም ነበር። ትዝ ይለኛል፣ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ። ከዚያ ነገሩ አንድ በአንድ መጣ። በየእሁዱ በርቺ የሚሉኝ ሰዎች። የዳዊት ድምፅ። ኔትወርኩ። እኔን ብቻ የማያገኘው ኔትወርክ።

«ጸበል አይደለም የገባችው?» አልኩ።

እትዬ አስካለ ተነስተው ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ።

እናቴ ከተቀበረች ወር አልፎ ነበር። ዳዊት ለደብሩ ሰዎች ደውሎ አደራ ብሏል፤ ሐሙስ እስክፈተን ሊደብቁኝ፣ ዓርብ በጠዋት በሬን ሊያንኳኩ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ከየት እንደወጣ አላውቅም። እንደ ጸበል ቦታዋ ቀጭን ሴት ከደረቴ ሥር ነው የወጣው።

የእትዬ አስካለ እጅ አፌ ላይ አረፈ። ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። እሳቸውም ሲነገራቸው እንደዚያ ተደርገው ይሆናል። «በቀስታ ገኒዬ፣ በቀስታ የኔ ልጅ፣ ጎረቤት…»

ሩት ወደ ክፍሏ ስትሮጥ አየሁ። ከዚያ ያ ጊታር መጣ።

ድምፁን የመጨረሻ አድርጋው ነበር። ግድግዳው ተርገበገበ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ጮኸ። ከበሮው መጣ፣ ያ የሚያገሳው ሰውዬ መጣ። ሩት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና የእናቷን እጅ ከአፌ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «አሁን ጩኺ። የእኔ ነው የሚመስላቸው» አለችኝ።

ጮኽኩ። እማዬ፣ እማዬ እያልኩ ጮኽኩ። ጉልበቷን፣ ወንበሯን፣ ፀሐይዋን እየጠራሁ ጮኽኩ። እትዬ አስካለ ትንሽ ቆመው አዩኝና ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ወርቁዬ ብለው ጮኹ። አምና ሰው ቤት በነጠላ አፍነው ያለቀሱትን አሁን በራሳቸው ቤት አወጡት። ሩት እናቷን ስታያት ቆይታ ተንበረከከች። የምትለው አይሰማኝም፤ አፏን ነው የማየው። አባዬ ትላለች። ጎረቤትየዋ ግድግዳውን በጡጫ ትመታለች። የዘፈኑ ሰውዬ መንገድ ዳር ተቀምጦ ስለ አባቱ ይጠይቃል።

ሐሙስ አልተፈተንኩም። በሌላ ጊዜ ተፈትኜ አልፌያለሁ፤ ዓለም አልፈረሰም። ሩት በተቆረጠላት ትኬት ሄደች፤ እኔም በዚያው አውሮፕላን አጠገቧ ቦታ ገዛሁ። ስለ ጸበል ያነሳ አልነበረም። እሷ ወደ አባቷ መቃብር፣ እኔ ወደ እናቴ። ሁለታችንም የደረስነው አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው በደግነት ተቀበለን፤ «ተዉት፣ አልፏል» አለን።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል አሁን ይህን ስታነቡ የሰው መርዶ ይዛችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። ፈተናው ይለቅ፣ ትውለድ፣ ሥራ ይያዝ ብላችሁ። ከፍቅር መሆኑን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ግን ሐዘን ስታስቀምጡለት የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ሰው የሚጽናናው እኩል ከሚያዝን ጋር ነው፤ ስትነግሩት የእናንተ እንባ ካለቀ ብቻውን ነው የተዋችሁት። እኔ የደበቁብኝን ሰዎች ይቅር ብያለሁ። ዳዊትን ግን አሁንም ስደውልለት ትንሽ ዝም ካለ ልቤ ይቆማል። ይህ የሚድን አይመስለኝም።

አልበሙንስ? ልጆቻችሁን አሰሟቸው አልልም። ያ አንዱ ዘፈን ዛሬም ያስፈራኛል፤ እነዚያ ልጆችም እሁድን እንዲያዩ ስማቸውን ሳላውቅ እጸልይላቸዋለሁ። ግን ልጃችሁ በሯን ዘግታ እንደዚያ ያለ ነገር ስትሰማ፣ ማን ያዛት ከማለታችሁ በፊት ማን ሞተባት ብላችሁ ጠይቁ።

የዚያ እሁድ ማግስት ጠዋት ከእነሱ ቤት ስወጣ ሩት ልትሸኘኝ አብራኝ ሊፍት ገባች። ጎረቤትየዋ ውስጥ ነበረች። ሩትን በጣቷ እየጠቆመች ስለ ትናንቱ ጩኸት ተቆጣቻት፤ አታፍሪም ወይ፣ ሰው ይኖራል ብለሽ አታስቢም ወይ አለቻት። ሩት ያበጠ ዓይኔን በጎን አየችው። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ይቅርታ» አለቻት። «የእኔ ሙዚቃ ነው።»